የተጠረገው ጥላሸትና ያልተጻፈው መጽሐፍህ

ውድ አያልነህ፣ የቤቴ ጌታ፣

ሰው ፊት «አንቱ» እልህ ነበር፤ በራችን ሲዘጋ ደግሞ «አንተ»። ዛሬ የሚሰማን የለምና እንደ ጓዳችን አንተ ልበልህ። ከተለየኸን እነሆ ዓመት ሊደፍን ነው። እንደ ያኔው ደመናው ከቀትር በኋላ በጣና በኩል እየጠቆረ መውጣት ጀምሯል። ነጎድጓዱ ከሩቅ ያጉረመርማል፤ ዝናቡ ግን ገና አልመጣም። ይህ ሰማይ አምናም እንዲህ ሲያስፈራራን ሰንብቶ ነው የወሰደህ። ስለዚህ ቀና ብዬ ማየት ትቻለሁ፤ አንገቴን ደፍቼ ነው ቤተ ክርስቲያን ደርሼ የምመለሰው።

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ደኅና ቦታ እንዳለህ አባ፣ የንስሐ አባታችን፣ ነግረውኛል። የምነግርህ ያለኝ እኔ ነኝ። ታውቀኝ የለ፣ ወሬ ሆዴ ውስጥ አያድርም። ወንድምህ ሞገስ በዚያች ጀልባ ላይ ገብቶ ነበር። በአንተ ቦታ። አንተ ትጠርገው የነበረውን ጥላሸት እሱ ሲጠርግ፣ በአንተው ከረጢት ሲሰበስብ ከረመ። ጀልባዋም እንደገና ጥቁር ጭስ መትፋት ጀምራለች። እሱን ከእሷ ለማስቀረት ስል ያደረግሁት ነገር አለ፤ ከሌላ ሰው አፍ ሳትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው ዛሬ እርሳስ ያነሣሁት።

ከዚያ በፊት ግን የቤቱን ወሬ ልንገርህ፣ አለዚያ ትቆጣኛለህ። ላሚቱ ሴት ጥጃ ወለደችልን፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት፣ ልክ አንተ እንደተመኘኸው። የጓሮው ጌሾ ደርቆ ነበር፣ ከሥሩ እንደገና አቆጥቁጧል። ጣሊያኖቹ የቆረጡት መንገድ ከአጥራችን በታች ያልፋል። ካሚዮን ባለፈ ቁጥር ቤቱ ይርዳል፣ ከጣራው አፈር ይራገፋል፣ ጥጃዋም ትደነብራለች። ምሽጉ ላይ ያሉት አስካሪዎች፣ ለጣሊያን ያደሩት ወታደሮች፣ በዝተዋል። ጫካ የገቡትን ሰዎች ስም ገበያ ላይ የሚጠራ የለም። ሰው ሁሉ ስለ ገብስና ስለ ጉንፋን ብቻ ያወራል፤ ሲያወራም ዙሪያውን እያየ ነው። ጎረቤት ድንገት ይጠፋል፤ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም አልጠይቅም። አፌን የምታውቀው አንተ፣ ዝም ማለት ተማርሁ ብልህ ታምነኛለህ?

ጥላሸት ነው ያጋባን ብል ውሸት አይሆንም። ያኔ አንተ ከጣራ ገዳም ብርዕህን ይዘህ የመጣህ ወጣት ጸሐፊ ነበርህ። ለቀለምህ የሚሆን ጥላሸት ፍለጋ ከቤት ቤት ትዞራለህ። የሰፈሩ ሴቶች አንተን ባዩ ጊዜ ሥራ ይፈታሉ። አንዷ «አያ አያልነህ፣ ድስቱን ከፋቅኸው አይቀር አጥበኸው ሂድ!» ትላለች። ሌላዋ ትቀበልና «ጥላሸቱን ስትወስድ ባሌንም ጠራርገህ ውሰድልኝ፣ እሱም ጠቁሮብኛል!» ትልሃለች። አንተ አንገትህን ደፍተህ በቢላህ ትፍቃለህ። እኔ ብቻ አልቀለድሁብህም። ከአባቴ ቤት ድስቶች ሥር የፋቅሁትን በቅል ሞልቼ ሰጠሁህ። «እግዜር ይስጥልኝ» ስትል ከንፈርህ ጥቁር ነበር፤ ለካ ብርዑን በአፍህ ታሾለው ኖሯል። ያን ቀን ጓዳ ገብቼ የሳቅሁትን ሳቅ እናቴ እስክትሞት ትተርክብኝ ነበር።

ከተጋባን በኋላም ሥራህን ከጎንህ ሆኜ አየሁት። ጥላሸቱን ከተቆላ ገብስና ከግራር ሙጫ ጋር ትወቅጠዋለህ፣ ውሃ ጠብ ታደርግበታለህ፣ ታሸዋለህ፣ ከዚያ ወራት ታስቀምጠዋለህ። የሚጣደፍ ሰው ቀለም አይሠራም ትለኝ ነበር። ማንበቡን አባቴ አስተምሮኛል፤ መጻፉን ያስተማርኸኝ አንተ ነህ። የኔ «ሐ» ዛሬም ያነክሳል፤ አትሳቅብኝ።

ያቺን ጀልባ ያገኘሃት ለብርዕ የሚሆን ሸምበቆ ፍለጋ ወደ ጣና የወረድህ ጊዜ ነው። ሲኞሩ፣ ያ እህል ነጋዴ ጣሊያን፣ ከምጽዋ በካሚዮን አስጭኖ አመጣት። ለባሕር ሽርሽር የተሠራች ነጭ ጀልባ ናት። ረጅም ምሰሶና ሸራ አላት፤ ነፋስ ሲጠፋ ደግሞ በናፍጣ ሞተር ትሄዳለች። እሱ ግን ለጦሩ የሚሆን እህልና ዱቄት ጫነባት፣ ከፎገራ ዳርቻ ወደ ጎርጎራ ያመላልስባት ጀመር። ጭስ ማውጫው ባለበት በኋላዋ በኩል ነጩ ቀለም እስኪጠፋ ጠቁሮ ነበር። ሌላ ሰው ቢያየው ቆሽሿል ብሎ ያልፋል። አንተ ግን በጣትህ ነካኸው፣ በጥፍርህ ላይ አሸኸው። ቤት ስትመጣ ዓይንህ ያበራ ነበር። «እመቤቴ ድረሽ! እንዲህ የላመ ጥላሸት በዕድሜዬ አላየሁም። ማንም አልወቀጠው፣ ማንም አልነፋው፣ እንደ ዱቄት ሆኖ ተቀምጧል!» አልኸኝ። ሲኞሩን ደግሞ የነጭ ጀልባው መጥቆር ያንገበግበው ነበር። በምልክትም በአስተርጓሚም ተስማማችሁ። እሱ ንጹሕ ጀልባ አገኘ፣ አንተ ጥቁር ቀለም።

መጀመሪያ ጀልባዋ ዳር ስትቆም ነበር የምትጠርገው። በኋላ ማዕበሉ በመንገድ ላይ እያጠበ ሲያጠፋብህ ጊዜ አንጀትህ አረረ፤ አብረህ መጓዝ ጀመርህ። ጥላሸቱ ገና ሳይረጥብ፣ ጎርጎራ ሳትደርሱ፣ ከኋላዋ ላይ ተንጠልጥለህ በላባ ጠርገህ በከረጢት ትይዘዋለህ። መዋኘት የማያውቅ ሰው! «ገመድ አስሬያለሁ» ትለኛለህ። ገመዱን አየሁት፤ ጥጃ እንኳ አያስርም።

ጉልበቴን ያመመኝ ጊዜ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወሰድኸኝ። ስንመለስ «ነይ፣ ጀልባዬን ላሳይሽ» አልኸኝ። ጀልባዬ! እንደ ላምህ ነበር የምትጠራት። ያን ቀን ለቀለም ቅብ ዳር ላይ ተስባ ተጋድማ ነበርና ከሆዷ በታች ያለውን ባለ ሦስት ክንፍ ነሐስ አየሁት፤ ጣሊያኖቹ ኤሊካ ይሉታል። ክንፎቹ የተጠመዘዙ ነበሩ፣ በውሃ ውስጥ እየዞሩ ጀልባዋን የሚገፉ። ምን እንደሚያስፈራኝ ባላውቅም ፈራሁ። አንተ ግን የጀልባዋን ኋላ በእጅህ እየዳበስህ «እይ፣ መስታወት አስመስያታለሁ» አልኸኝ። እውነትህን ነበር፤ ፊቴን አየሁበት።

አንድ ቀን ደግሞ የጥላሸት ከረጢትህን ይዘህ ወደ ደብረ ታቦር ስትገባ አስካሪው በር ላይ ያዘህ። ከረጢቱን ፈትቶ ጥቁሩን ዱቄት ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ፣ «ባሩድ! ባሩድ!» ብሎ ጮኸ። ሌሎቹ ጠመንጃቸውን አነሡ። አንተ ምን አደረግህ? ጣትህን በምራቅህ አርሰህ ጥላሸቱ ውስጥ ነከርህና «ስምህ ማን ነው?» አልኸው። ግራ ገብቶት ነገረህ። ስሙን ክንዱ ላይ ጻፍህለት፣ ለዚያውም እንደ መጽሐፍ በቁም ጽሕፈት። ባልደረቦቹ በሳቅ ሞቱ። ያ አስካሪ ለቀናት ክንዱን አልታጠበውም ሲሉ ሰማሁ። አንተ እየሳቅህ ነበር የነገርኸኝ። «ያ ጥላሸት አንድ ቀን ይበላሃል» አልሁህ። የማስበው ስለ ጠመንጃው ነበር።

የሆነውን ያው አንተ ታውቀዋለህ፤ ለእኔ ግን በቁርጥራጭ ነው የደረሰኝ። እህሉ እስከ አፏ ተጭኖ ነበር አሉ። መካከል ላይ ስትደርሱ ሰማዩ ተገለበጠ። ነፋሱ ሸራውን ለማንሣት የሚያስችል አልሆነም፣ ሞተሩ ብቻ ቀረ። ሞተሩ እየጮኸ፣ ጭሱ እንደ ጥቁር በግ ፀጉር እየተጠቀለለ ወጣ። ከዚያ አነቀው፤ አንድ ጊዜ ሳለና ዝም አለ። ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጠች። የታንኳ ሰዎች ሌሎቹን አወጡ። አንተ ከኋላዋ ነበርህ። ጀልባዋን ነፋሱ ገፍቶ ዳር ያለው ደንገል ውስጥ ጣላት፤ አንተንም ከዚያው አጠገብ አገኙህ። ከረጢቱ ትከሻህ ላይ ነበር፤ ጥላሸቱ እንኳ አልረጠበም፣ አፉን አጥብቀህ አስረኸው ኖሯል።

ለቅሶው ላይ አንድ የማላውቀው ሰው መጣ። ከአስመራ የመጣ መካኒክ ነው፣ ተስፋይ ይባላል። ጎርጎራ ወደብ ላይ ተቀምጦ የጀልባዎቹን ሞተር የሚያይ እሱ ነው። ዳሱ ውስጥ ገብቶ ካህናቱ ፊት ቆመና «እትዬ፣ እኔ የምፈርደው የጀልባዋን ቂጥ አይቼ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ደነገጠ። አንድ ቄስ ሳቃቸው አምልጧቸው በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። እኔም ያን ጊዜ፣ ይቅር በለኝ፣ ልስቅ ቃጣኝ። እሱ ግን እያለቀሰ ነበር።

አስቀምጬ ውሃ ሰጠሁትና እንዲያስረዳኝ ጠየቅሁት። «እርሻ ያውቃሉ?» አለኝ። «ምን የማላውቀው አለ» አልሁት። «ማረሻው አጥልቆ ሲገባ በሬው ምን ይሆናል?» «ያለከልካል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ቢገርፉትም አይሄድም» አልሁት። «ይኸው ነው» አለኝ። የኤሊካው ክንፍ ሲበዛ ከተጠመዘዘ በእያንዳንዱ ዙር ብዙ ውሃ ይነክሳል። የዚያች ጀልባ ክንፍ የተጠመዘዘው ለምጽዋ ነው፤ እዚያ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ሞተሩ ደረቱን ሞልቶ ይተነፍሳል። እኛ አገር አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉ ግን ያንኑ ያህል ውሃ ይነክሳል። በዚያ ላይ እህሉ አለ። ሞተሩ ትንፋሽ ሲያጥረው ናፍጣውን አቃጥሎ መጨረስ አይችልም፤ ጥቁር አድርጎ ይተፋዋል። «ጥላሸቱ የሞተሩ ጣር ነው» አለኝ። መጀመሪያ ሰሞን ጀልባዋ ጎርጎራ ስትደርስ ኋላዋ ጠቁሮ ስላየ ጭነቷን አስቀንሶ ነበር። በኋላ ግን ነጭ ሆና መምጣት ጀመረች። ወደብ ሲጠጉ ሞተሩን ስለሚያበርዱት ጭሱንም አላየም። ኋላዋ ንጹሕ ነው፣ ድናለች ብሎ ጭነቱን ጨመረ። በየጊዜው ጨመረ። ጀልባዋን ከደንገሉ ካወጧት በኋላ የጭሱን ቧንቧ ፈታ፤ ውስጡን ጥላሸት ሞልቶት ጣት የምታልፍበት ቀዳዳ ብቻ ቀርቶ ነበር። ውጪው እንደ መስታወት ያበራል።

አያልነህ፣ ይህን ስሰማ አልተቆጣሁህም። ማን ይህን ያስባል? ጥላሸት ለእኛ ከድስት ሥር የሚገኝ በረከት ነው። ፊደል የሚሆን፣ ዳዊት የሚሆን። የበሽታ ምልክት ነው ብሎ የነገረህ የለም። ተስፋይም ጠራጊ መኖሩን የነገረው የለም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሁለት ቅን ሰዎች አንዱ በውሃው ወዲህ፣ አንዱ በውሃው ወዲያ ቆመው ነበር።

አሁን ወደ ሞገስ ልምጣ። በአርባህ ቀን መቃብርህ ላይ ቆመና ማለ፤ አንተ ባዘጋጀኸው ብራና፣ አንተ በሠራኸው ቀለም፣ ለሙት ዓመትህ ዳዊት ጽፎ ለደብራችን ሊሰጥ። በየጸሎቱ መካከል የክርስትና ስምህ ይገባል፤ መጽሐፉ በተነበበ ቁጥር ትታሰባለህ። ደስ ብሎኝ ግንባሩን ሳምሁት። ሌት ተቀን ሲጽፍ አየሁት፤ ጎንበስ ሲል ልክ አንተን ይመስላል፣ ምላሱን እንኳ እንዳንተ በጥርሱ ይይዛል። መጽሐፉ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ቀለምህ አለቀ። ከድስት ሥር እንፋቅልህ አልሁት። «እታለም፣ ወንድሜ በጀመረው ቀለም ካልሆነ የመጽሐፉ ፊት ሁለት መልክ ይሆናል» አለኝና ወደ ጣና ወረደ።

ጀልባዋ እንደ አዲስ ተቀብታ ነበር። አዲሱ ክንፍ ከምጽዋ ይመጣል ተብሎ አልመጣም፤ ያው ያ ክንፍ ነው ያለው። ሲኞሩ ሞገስን ሲያይ ደስ አለው አሉ፤ ጠራጊ አገኘ። ሞገስ በየሳምንቱ ከረጢት ሙሉ ይዞ ይመጣ ነበር። ከረጢቱ እየከበደ ሄደ። በሬው እያለከለከ ነው ማለት ነው እኮ!

በዚህ መካከል አባ አስጠሩኝ። ባለፈው ዓመት በጀልባዋ ጥላሸት የጻፍኸውን መጽሐፍ አውጥተው አሳዩኝ። በየፊደሉ ዙሪያ ቢጫ ቀለበት ወጥቷል፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ጨረቃዋን እንደሚከባት ዓይነት። ቀለበቱ በየወሩ ይሰፋል፣ ወደ ጎረቤቱ ፊደል ይደርሳል። ዲያቆናቱ በሹክሹክታ ስለ እርግማን ያወራሉ። አባ ዲያቆናቱን ገሥጸዋል፤ መጽሐፉን ግን ለብቻው በጨርቅ ጠቅልለው አስቀምጠውታል። ለተስፋይ ልኬ ሳስጠይቀው የናፍጣ ጥላሸት ዘይት አለው፣ አይደርቅም አለኝ። ለሞገስ ነገርሁት። «ሙጫ ባበዛ ይይዘዋል» አለኝ። እንዴት ያለ ግትር ነው!

ያለፈው ገበያ ቀን ተስፋይ ራሱ በካሚዮን መጣ። በር ላይ ቆመ እንጂ አልገባም። ሲኞሩን ቧንቧውን እንክፈተው ቢለው፣ ዝናቡ ሳይገባ ያለው እህል ሁሉ መሻገር አለበት፣ ከዚያ በኋላ ብሎታል። ቅዳሜ ከሁሉም የበዛ ጭነት ይዛ ትወጣለች። «እርስዎስ?» አልሁት። «እኔ የጦሩ ሰው ነኝ፣ ብቀር ያስሩኛል። ሲኞሩ አብረህ ሂድ ብሎኛል። ሞገስ ግን በፈቃዱ ነው የሚገባው፤ ያስቀሩት» አለኝ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ልነግርህ አልችልም። ካሚዮኑ ጡሩምባውን ነፋ፣ ሮጦ ሄደ።

ሞገስን ለመንሁት። ምሳውን አቅርቤ፣ አጠገቡ ተቀምጬ ለመንሁት። «አንቺ ደግሞ! ሞተር ማወቅ ጀመርሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። «ሞተር አላውቅም፣ በሬ ግን አውቃለሁ» አልሁት። ተስፋይ ያለኝን ሁሉ ነገርሁት፣ የቧንቧውን ቀዳዳ በጣቴ አሳየሁት። ሳቁን ተወ። «እታለም፣ እኔም እፈራለሁ» አለኝ። «ከኋላዋ ስንጠለጠል ገመዱን ደጋግሜ እፈትሻለሁ። ግን በወንድሜ መቃብር ላይ ምዬ፣ ብራናው ሳጥን ውስጥ እያለ፣ እኩሌታው ነጭ ሆኖ እያየኝ፣ እንዴት እቀራለሁ? ሙት ዓመቱ ደረሰ። የሰበሰብሁት ጥላሸት ለጥቂት ቅጠል ብቻ ነው የጎደለው። ቅዳሜን ልሂድና ከዚያ በቃኝ።» ከዚያ በቃኝ ሲል ድምፁ አንተን መሰለ። አንተም የመጨረሻው ነው ብለኸኝ ነበር የወጣኸው።

በማግስቱ እሱ ኪዳን ሊያደርስ ሲወጣ ሳጥኑን ከፈትሁት።

አያልነህ፣ እነዚያን ብራናዎች እንዴት እንደሠራሃቸው አውቃለሁ። ቆዳውን ስትወጥር፣ ስትፍቅ፣ በድንጋይ ስታለሰልስ፣ ፀሐይ እንዳይጎዳው ጥላ ስትፈልግለት፣ አጠገብህ ነበርሁ። የተጻፈውንም ያልተጻፈውንም አወጣሁት። ትልቁን ጋን ውሃ ሞላሁና አንድ በአንድ ነከርኋቸው።

ብራና ውሃ ሲጠጣ አይተህ ታውቃለህ? አታውቅም፣ አንተማ ከጠብታ ስትጠብቀው ነው የኖርህ። መጀመሪያ ተኮማተረ፣ እንደ ሕፃን እጅ ተጨበጠ። ከዚያ አበጠ፣ ለሰለሰ፣ ቆዳ ሆነ። የበግ ሽታው ተመልሶ መጣ። ፊደሎቹ ለቀቁ፤ ውሃው ጠቆረ። በላዩም ዘይት ሰፈፈ፣ የካሚዮን ቆሻሻ ከዝናብ በኋላ መንገድ ላይ እንደሚያብረቀርቀው። ያን ሳይ እጅጌዬን ሰብስቤ ማጠቤን ቀጠልሁ። ከፊደሉ ውስጥ የወጣው ናፍጣ ነበር።

ከዚያ ፍርሃቱ መጣ። የዳዊት ቃል ነው እኮ ያጠብሁት። ጋኑን ከድኜ ወደ አባ ሮጥሁ፣ እግራቸው ሥር ወደቅሁ። ሰሙኝ። ቀኖናዬን ሰጡኝ፤ ስግደቱ ለጉልበቴ ከብዶታል፣ ግን እየሰገድሁ ነው። ልወጣ ስል ጠሩኝና «ውሃውን ሰው የማይረግጠው ቦታ አፍስሺው» አሉኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ካለው የወይራ ሥር አፈሰስሁት።

ሞገስ ሲመለስ ቆዳዎቹ ገመድ ላይ ተሰቅለው ነበር። አልደበቅሁም። አንዱን በጣቱ ነካው፣ ከዚያ ሌላውን። «ምን አደረግሽ፣ እታለም?» አለኝ። «መሐላህን ከትከሻህ አወረድሁልህ» አልሁት። «በምን ላይ ትጽፋለህ? ቀለሙስ ለምንህ ነው?» ዞር አለና አጥሩን ይዞ ቆመ። ያለቀሰ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ አያናግረኝም። ያቀረብሁለትን ይበላል፣ አመስግኖኝ አይነሣም። ወደ ጣና ግን አልወረደም።

ቅዳሜ ጀልባዋ ወጥታለች። ተስፋይ በላይዋ ነው። ከሰዓት በኋላ ያው ደመና ተነሣ፤ በዚያ በኩል ሲያብለጨልጭ ከአጥሩ ሥር ሆኜ አየሁት፣ ቀና አልልም ያልሁት ሴትዮ። ከታች የሚመጣ ወሬ እስከ ዛሬ የለም። ከፎገራ የመጡ ነጋዴዎችን ስጠይቃቸው ዓይናቸውን ከዓይኔ ያሸሻሉ፤ ስለማያውቁ ይሁን ስለሚያውቁ አልለየሁም። ያንን ሰው ወደ ቤት ሳላስገባው፣ እንጀራ ሳላጎርሰው መሄዱ ይቆጨኛል። ለእሱም ጸልይለት፤ አንተ ከእኔ ይልቅ ቅርብ ነህ።

እንግዲህ አያልነህ፣ ሙት ዓመትህ ያለ መጽሐፍ ይውላል። ጠላው ይኖራል፣ ድግሱ ይኖራል፣ ካህናቱ ይመጣሉ፤ ስምህ በብራና ላይ አይኖርም። ይህን ከአንተ የወሰድሁት እኔ ነኝ። ብትቀየመኝ ፍርድህ ነው፤ ግን የምትቀየመኝ አይመስለኝም። አንዳንዴ ከረጢቱን ከሞገስ ትከሻ ላይ ራስህ ያወረድኸው ይመስለኛል።

በመጽሐፍ ፋንታ እኔ አለሁ። በየጠዋቱ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስደርስ፣ ጫማዬን ሳወልቅ፣ ገብረ ሥላሴ ብዬ የክርስትና ስምህን ድምፄን አውጥቼ እጠራለሁ። የሚያልፍ ሰው ቢሰማኝ ይስማ፤ ያበደች ቢለኝም ይበል። አሁን ይህን ስጽፍልህ ሞገስ ጓሮ እንጨት እየፈለጠ ነው። በንዴት ነው የሚፈልጠው፤ መጥረቢያው ሲወርድ ቤቱ እንደ ካሚዮኑ ይርዳል። ይናደድ። እኔ ያረጀሁ ዕለት፣ ድምፄ ያልወጣ ዕለት፣ ስምህን በዚያ በር ላይ የሚጠራልህ እሱ ነውና።

ጥሩወርቅህ